ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ የሚገባው በየት በኩል ነው? ስለ ድንጋይ፣ ስለ ጭቃና ስለ ብሎኬት የተደረገ ክርክር

ስለ ቤት ግንባታ በአንድ የበይነ መረብ መድረክ ላይ የተደረገውን ይህን ውይይት የከፈቱት ሰው በደብረ ብርሃን ከተማ 250 ካሬ ሜትር ቦታ ያላቸው ጡረተኛ መምህር መሆናቸውን በመግለጽ ይጀምራሉ። አሁን የሚኖሩበት የብሎኬት ኪራይ ቤት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት እንቅልፍ እንደማያስተኛ፣ መንዝ ውስጥ ያደጉበት የድንጋይ ቤት ግን ብርድ የሚባል ነገር እንደማያውቅ ያስረዳሉ። ስለዚህ ያለቻቸውን ጥሪት በሲሚንቶና በፌሮ ከሚጨርሱ በአካባቢው ጥቁር ድንጋይና በጭቃ አንድ ወለል ያለው ቤት ለመሥራት አስበዋል፤ ጥያቄያቸውም ይህን የሚቃወም ባለሙያ ካለ ምክንያቱን እንዲነግራቸው ነበር። እዚህ ላይ ቢያበቁ ኖሮ ውይይቱ በአሥር ምላሽ ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ብሎኬት ለደጋ ሰው የተሠራ ዕቃ አይደለም የሚል ፍርድ ጨመሩበት፤ ከአርባ በላይ ምላሽ ያስነሣውም ይኸው ፍርድ ነው።

እኔ በሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪነት የምሠራ ሰው ስሆን ምላሾቹን የምተርከው፣ በደጋው ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ አንድ ቀን እነዚህኑ ጥያቄዎች መጠየቁ ስለማይቀር ነው። ምስጋና ብቻ የያዙትንና የቆርቆሮ ዋጋ የለጠፉትን ዘልያቸዋለሁ።

1ኛው ምላሽ የመጣው ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ከመምህሩ ጋር የሚስማማ ነበር። ጸሐፊው የአያቶቻቸውን ክብ የድንጋይ ቤት የግድግዳውን ውፍረት፣ ዝቅ ያለውን በርና በጓሳ ሣር የተከደነውን ጣሪያ እያነሡ በፍቅር ገልጸውታል። ጓሳ በመንዝ ሕዝብ የጋራ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረ ሣር እንደሆነና ክዳኑ ክንድ የሚያህል ውፍረት እንደነበረውም አስታውሰዋል። ይህችን የክዳን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እሳቸው በጌጥነት ያለፏት ነገር ኋላ የክርክሩ ዋና መፍቻ ሆናለች። 2ኛው ከሜሪላንድ የጻፉ ሰው ነበሩ። መምህሩን በአክብሮት ሰላም ካሉ በኋላ፣ እሳቸው የሚኖሩበት ቤት ግድግዳው በእንጨትና በስስ ሰሌዳ የተሠራ ሆኖ ሳለ በበረዶ ወራት እንኳ ሙቀቱን እንደማይለቅ፣ ምስጢሩም በእንጨቶቹ መካከልና ከጣሪያው ሥር የተጠቀጠቀው የመስተዋት ሱፍ (ከመስተዋት ክር የተሠራ ሙቀት ያዥ ንጣፍ) እንደሆነ ጽፈዋል። ለጊዜው ማንም አልመለሰላቸውም።

3ኛው ምላሽ የግንበኛ ነው፤ እንደ ግንበኛም ወደ ሂሳብ ሄዷል። በውጭ ልኩ 8 በ10 ሜትር የሆነ ቤት በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ቢገነባ የውስጡ ስፋት 73 ካሬ ሜትር ገደማ እንደሚሆን፣ ያው ቤት በ60 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ቢገነባ ግን ወደ 60 ካሬ ሜትር እንደሚወርድ አሳይቷል። 13 ካሬ ሜትር ማለት አንድ ደኅና መኝታ ቤት ነው። በዚያ ላይ ድንጋዩ በነጻ ቢገኝ እንኳ የጠራቢው የእጅ ዋጋ የሲሚንቶውን እንደሚበልጥ አስጠንቅቋል።

በ4ኛው ምላሽ የውይይቱ መልክ ተለወጠ። የጻፈችው በሕንፃ ሙቀት ላይ የምትሠራ መሐንዲስ ስትሆን አነጋገሯ ትሑት፣ ቁጥሮቿ ግን ምሕረት የለሽ ነበሩ። በውስጥና በውጭ መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ የሚያልፈው ሙቀት በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት 2.5 ዋት፣ በ60 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ድንጋይ ከ2 ዋት ጥቂት ያነሰ፣ ጭድ በገባበት 20 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ደግሞ ወደ 2 ዋት እንደሚሆን በግምት አስቀመጠች። በአጭሩ፣ ሦስቱም ሙቀት በማሳለፍ ረገድ ጎረቤታሞች ናቸው። ድንጋይ የሚለየው በክብደቱ ሲሆን፣ ክብደቱም የቀኑን ሙቀት ለሌሊት፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለቀን እያስተላለፈ የቤቱን ሙቀት ወደ ዕለቱ አማካይ ያቀርበዋል። ሐረር ወይም ድሬዳዋ ላይ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ደብረ ብርሃን ግን የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ስለሆነ፣ ምንም እሳት የማይነድበት ከባድ የድንጋይ ቤት የሚያደርሰው ወደዚያው 13 ዲግሪ ነው። የሚያስተኛ ሙቀት አይደለም።

የመሐል ሜዳው ሰው በ5ኛው ምላሽ ተቀየሙ። ያደጉበትን ቤት ያላየ ሰው በቁጥር ሊነግራቸው እንደማይገባ፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዋት ሳይሆን በግድግዳ ውስጥ እንደሆነ በምፀት ጻፉ። መልሱን የሰጠው 6ኛው ነው። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የምድጃው እሳት ሌሊት በአመድ ተዳፍኖ የሚያድር እንጂ የሚጠፋ እንዳልነበረ፣ በጎችና ጥጆች ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ እንደነበር፣ መስኮት የሚባል ነገር እንዳልነበረና በሩም ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት እንደነበር አስታወሰ። መምህሩ በ7ኛው ምላሽ ተመልሰው፣ የእነሱም በጎች ከመደቡ ማዶ ባለው ጋጣ ያድሩ እንደነበር አረጋግጠዋል። ሙቀቱ ከድንጋዩ ነበር የሚለው እምነት መላላት የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ የመሐል ሜዳው ሰው ግን እስከ መጨረሻው አልተረቱም።

ከ8 እስከ 13 ያሉት ምላሾች ለእኔ የውይይቱ ፍሬ ናቸው። በ8ኛው መሐንዲሷ ተመልሳ፣ ሰዎች ግድግዳ ግድግዳ ሲሉ ከራሳቸው በላይ ያለውን እንደረሱ ተናገረች። ቆርቆሮ ከሥሩ ስስ የችፑድ ኮርኒስ ብቻ ሲኖረው በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ዋት ያሳልፋል፤ ጥርት ባለ የኅዳር ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየረጨ ከውጭው አየር እንኳ የበለጠ ይቀዘቅዛል። በዚሁ ኮርኒስ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ጭድ ወይም ሱፍ ቢነጠፍ ግን ቁጥሩ ወደ ግማሽ ዋት ይወርዳል። የ80 ካሬ ሜትር ቤት ላለው ሰው ይህ ማለት፣ የግድግዳው ዓይነት ቢቀያየር ከሚያገኘው ጥቅም የጣሪያው ንጣፍ በእጅጉ ይበልጣል ማለት ነው። የጓሳው ክዳን ይሠራ የነበረውም ይህንኑ ሥራ ነበር።

በ9ኛው ምላሽ አንዲት የከተማው ነዋሪ የደረሰባቸውን ጽፈዋል። ጠዋት ሲነሡ ብርድ ልብሳቸው ላይ የውሃ ነጠብጣብ ያገኛሉ፤ ጣሪያው አፈሰሰ ብለው ባለሙያ ያስጠራሉ፤ ባለሙያውም ምስማሮቹን አንድ በአንድ እያየ በሬንጅ ይደፍናል። ነጠብጣቡ ግን ቀጠለ። ከመስከረም ወዲህ አንድም ዝናብ እንዳልዘነበ ልጃቸው ባያስታውሳቸው ኖሮ ሌላ ሬንጅ ይገዙ ነበር። ውሃው የራሳቸው ትንፋሽና የሻይ ጀበናቸው እንፋሎት ነበር፤ በኮርኒሱ ስንጥቅ አልፎ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ጤዛ ሆኖ ሲነጋ ይወርዳል። በብርዳማ ከተሞች ስንትና ስንት ጣሪያ በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ በሬንጅ ተለድፎ አይቻለሁ።

10ኛው የገብስ ጭድ ከጭቃ ጋር በስሱ ተለውሶ ኮርኒሱ ላይ ቢነጠፍ እንደሚሻልና እሳትም ቶሎ እንደማይዘው መክሯል። 11ኛው አይጥ ምን ሊባል ነው ብሎ ጠየቀ፤ በቂ መልስ አላገኘም፤ ከጭቃው ጋር ኖራ ይጨመር ከተባለው በቀር። 12ኛው፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅና በግ በሞላባት ከተማ የበግ ጠጉር ሳይታሰብ ስለ ውጭ ዕቃ መነገሩ እንደሚያሳዝነው ገለጸ፤ ብል እንዳይበላው በቅድሚያ ታጥቦ መታከም እንዳለበት ግን አልጠቀሰም፤ ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በ13ኛው ምላሽ አንድ አናጢ፣ በላሜራ መስኮትና በበር ሥር የሚገባው ነፋስ ሳይዘጋ ስለ ጣሪያ ማውራት ትርፉ ድካም እንደሆነ አሳሰበ። ልክ ነው።

ከዚያ የጭቃ ወገኖች መጡ። 14ኛው በልስን ሥራ ያረጁ ሰው ሲሆኑ ከሁሉ ይልቅ በዝርዝር የጻፉት እሳቸው ናቸው። ጭቃው በእግር ተረግጦ፣ ጭድ ገብቶበት፣ በየቀኑ ውሃ እየጠጣ ቢያንስ ለሳምንት መብላላት እንዳለበት፣ ግድግዳው ከተመረገ በኋላም ምርጊቱ ደርቆ ስንጥቁን ሳይጨርስ ልስን የሚባል ነገር መነካት እንደሌለበት ያስተምራሉ። አፈሩን ለመለየት ጠርሙስ በቂ ነው ይላሉ፦ አፈሩ ከውሃና ከጥቂት ጨው ጋር ተናውጦ ሲቀመጥ አሸዋው ወዲያው፣ ደለሉ ቀጥሎ፣ ሸክላው በመጨረሻ ይረጋል፤ የሸክላው ንጣፍ ከግማሽ በላይ ከሆነ ያ አፈር ለብቻው ግድግዳ አይሆንም። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ለግድግዳም ለመሠረትም ጠላት ነው። 15ኛው እርማት ሰጥቷል፦ ምርጡ የጤፍ ጭድ ነው፤ ደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚበቅለው ግን በብዛት ገብስ ስለሆነ የጤፉ ጭድ ከሞረትና ጅሩ መምጣት አለበት፤ ከብት አርቢውም ስለሚሻማው ርካሽ መሆኑ ቀርቷል። ስለ ምስጥ የተነሣውን ስጋትም፣ ምስጥ የቆላው ችግር እንጂ የዚህን ከፍታ ብርድ እንደማይወድ፣ እዚህ የባሕር ዛፉን ወጋግራ የሚበላው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚያዘው እርጥበት መሆኑን በመግለጽ መልሷል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በእርስዎና በአንቱታ ነበር። 16ኛው ምላሽ ግን እንደ ጥፊ አረፈ። ጸሐፊዋ በጭቃ ቤት ውስጥ ተወልዳ ያደገች መሆኗን ገልጻ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ግድግዳው ሲናድ በሌሊት ዕቃ ያሸሸ ሰው ጭቃን እንደማይናፍቅ፣ ስለ ዘላቂ ግንባታ የሚያስተምሩት ሁሉ ራሳቸው ፎቅ ላይ እየኖሩ ድኻውን በአፈር ውስጥ ሊያስቀሩት እንደሚሹ ጻፈች። ብዙ ሰው ደገፋት። በ17ኛው የተሰጣት መልስ ግን እኔ ካነበብኳቸው ሁሉ የተመዘነው ነው። መላሹ የግድግዳውን መናድ አልካደም፤ የናደው ማን እንደሆነ ግን ጠየቀ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲዛወር ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ በዚያ ኪራይ ቤት የሚያድስ አካል አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አልነበረውም። ጭቃ በየጊዜው መለሰንን፣ አሸንዳ መጠገንንና ጎርፍ ማዞርን ይሻል። ይህ ለአሥርተ ዓመታት ሲቀር ማንኛውም ቤት ይፈርሳል፤ ብሎኬቱ ግን ዘግይቶ ስለሚፈርስ ጥፋቱ በጭቃው ተላከከ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የ16ኛዋ ቅሬታ በዚህ አልተመለሰም። በየዓመቱ መጠገን የሚፈልግ ቤት ጊዜና ጉልበት ለሌለው ሰው ዕዳ ነው፤ መምህሩም ጡረተኛ ናቸው።

18ኛው ነገሩን ወደ አዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ወሰደው፤ አምስት ያህል ሰዎች ተከተሉት፤ የመድረኩ አስተባባሪም በ24ኛው ምላሽ ስለ ደብረ ብርሃን ቤት እንደሚወራ በትሕትና አሳሰበ። በመካከሉ የተሰወረች አንዲት ጠቃሚ ምላሽ ነበረች፣ 21ኛዋ፦ በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በሕንፃ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር ሁለት ወለል ያለው የአፈር ቤት መሠራቱን፣ የታችኛው ግድግዳ በተጠቀጠቀ አፈር፣ ወለሉም ያለ ፌሮ በስስ የአፈር ጡብ ቅስት መገንባቱን ጠቅሳለች። አፈር ዘመናዊ መኖሪያ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው፤ ሆኖም እንዲያ ያለ ቅስት የሚያቆም ባለሙያ ደብረ ብርሃን ላይ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም።

25ኛው ምላሽ የድንጋዩን ነገር ከሌላ አቅጣጫ መታው። ጸሐፊው ደብረ ብርሃን ስምጥ ሸለቆ አፋፍ አጠገብ መሆኗን አስታውሶ፣ በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ማፍረሱን፣ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ በኩል የተነሣው ንዝረትም አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን ጠቅሷል። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲናወጥ ሁለቱ ፊቶቹ ይለያዩና ይናዳሉ፤ በወጋግራና በማገር የተዋቀረ የጭቃ ግድግዳ ግን ቀላልና ተለማጭ ስለሆነ ምርጊቱን ያራግፍ ይሆናል እንጂ በቀላሉ በሰው ላይ አይወድቅም። ከዚህ በኋላ ሙሉ የድንጋይ ቤት ይሠራ ብሎ የተከራከረ የመሐል ሜዳው ሰው ብቻ ነው።

ስለ ፀሐይ የተጻፉት 26ኛውና 27ኛው አጫጭር ነበሩ፤ ጉዳዩ ግን ከዚያ የበለጠ ይገባው ነበር። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ደብረ ብርሃን ላይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ይዛ ትቆማለች፤ ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ በደቡቡ ግድግዳ ላይ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጥላ ያወርዳል። ጭቃ ግድግዳ ከክረምቱ ዝናብና በረዶ ለመዳን ረጅም ክፈፍ ይፈልጋል፤ የበጋ ፀሐይ የምትፈልግ መስኮት ደግሞ አጭሩን። 27ኛው መፍትሔውን በምሥራቅ አየው፦ የጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከክፈፉ ሥር ትገባለች፤ ከውርጭ ሌሊት በኋላ የምትፈለገውም እሷው ናት። የራሱን ምሥራቃዊ በረንዳ በመስተዋት ከዘጋ ወዲህ ቁርስ የሚበላው እዚያ እንደሆነ፣ ቀትር ላይ ግን መክፈት ግድ እንደሚሆንበት ጽፏል።

ቁጣው የተነሣው ከ28ኛው ጀምሮ ነው። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ሂሳብ ከንቱ እንደሆነ፣ ስንጥቁን ሁሉ ደፍኖ አንድ ማንደጃ ከሰል መኝታ ቤት ማስገባት እንደሚበቃ ጻፈ። 29ኛዋ ነርስ ነበረች። ምላሿ ሁለት መስመር ብቻ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ምክር በአደባባይ የሚጽፍ ሰው ለሚሞተው ሰው ተጠያቂ መሆኑን ትገልጻለች። 28ኛው ተሳደበ፤ አባቶቻችን በከሰል አድረው ኖረዋል አለ። ያኔ መሐንዲሷ በ31ኛው ምላሽ የቀድሞ ትሕትናዋን ትታ መለሰች፦ የአባቶች ቤት ጭሱም መርዙም በሣሩ ክዳንና በበሩ ክፍተት ይወጣ ነበር፤ ስንጥቁ ተደፍኖ ኮርኒሱ በታሸገ ክፍል ውስጥ ግን ሽታም ጭስም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድለዋል። እንዲያውም እዚህ መድረክ ላይ በተመከረው መሠረት ቤት በተሻለ ሁኔታ በተዘጋ ቁጥር ከሰል የበለጠ ገዳይ ይሆናል። እሳት የሚነድ ከሆነ ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ የወጣ የብረት ምድጃ፣ ለምድጃውም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያስፈልጋል። የ28ኛውን ጽሑፍ አስተባባሪው ኋላ አንሥቶታል፤ እኔ ብሆን የነርሷን መልስ ከሥሩ አድርጌ በቦታው እተወው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተበተነ። 33ኛው የፀሐይ ኃይል መትከል እንዳሰበ ሲናገር፣ 34ኛዋ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ እንደሚስብ አስታውሳ ተስፋውን ቀነሰችበት፤ ከዚያ ስለ ምጣድ ብቻ ሦስት ምላሾች ተጻፉ። ለሚ ላይ ግዙፉ የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. ስለተመረቀ በሰሜን ሸዋ ሲሚንቶን መሸሽ ትርጉም የለውም ያለው 38ኛው ነው። 39ኛው ግን፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ክሊንከር ለማቃጠል የሚያስፈልገው ወደ 1,450 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት፣ ፋብሪካው ቅርብ ስለሆነ እንደማይቀር መለሰለት። ሁለቱም ግማሽ ልክ ናቸው፦ የመንገዱ ነዳጅ ይቀንሳል፤ የምድጃው ግን አይቀንስም።

መምህሩ በ41ኛው ምላሽ አዲስ ንድፍ ይዘው ተመለሱ። ድንጋዩ ከመሬት በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወጥቶ በሲሚንቶ የሚያያዝ መሠረት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ በወጋግራና በማገር የሚዋቀር የጭቃ ግድግዳ ይቆማል፤ የወጋግራው እግሮችም አፈር አይነኩም። ቆርቆሮው ይቀራል፤ ከሥሩ ግን ለንፋስ ክፍት የተተወ ቦታ፣ ከዚያ በታች 15 ሳንቲ ሜትር በኖራ የተለወሰ የገብስ ጭድ፣ ቀጥሎም ኮርኒሱ ይሆናል። ሁለቱ መኝታ ቤቶች ወደ ምሥራቅ ዞረዋል፤ ሳሎኑ ባለ ጭስ ማውጫ ምድጃ አግኝቷል። ልስኑን በየሁለት ዓመቱ የሚያድሰው የእህታቸው ልጅ እንደሆነም ጠቅሰዋል፤ ይህን የጻፉት ለ16ኛዋ መልስ ይመስለኛል። የግንባታ ፈቃዱ ነገር አልተፈታም፤ በሕንፃ አዋጁ እንዲህ ያለው አንድ ወለል ያለው መኖሪያ ከቀላሎቹ ሕንፃዎች ምድብ ቢገባም፣ ለጭቃ ግድግዳ ዓይነ ጥላ ያለው መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ፕላኑ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ከሥራዬ አውቃለሁ።

42ኛው ምላሽ ከግንበኛው ነው። ንድፉን ካመሰገነ በኋላ መታጠቢያ ቤቱ ከጭቃው ግድግዳ ጋር መያያዙን ነቅፎ፣ ያ አንድ ግድግዳ እስከ ላይ በብሎኬት እንዲሠራ አሳስቧል። መምህሩ ብሎኬት የሚለውን ቃል ባዩ ጊዜ ምን እንዳሉ አልታወቀም፤ እስካሁን አልመለሱም።